ከመቀነት በታች የሚለካ ወገብ

ኤድመንተን፣ ለንደን
ኅዳር 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ባለቤትሽን ጉልበቱ ተሻለው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናው እንዴት ሆነላት? ከወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ጀምሮ እስከ ላይኛው ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ አለሁ። ብርዱ ገብቷል። የክፍሌ ማሞቂያ ደስ ሲለው ይሠራል፣ ሳይለው ይተኛል። አከራዬ ሰው እልካለሁ እንዳለ ክረምቱ መጣ። ቢሆንም አለሁ።

ሁልጊዜ በሰላምታዬ መጀመሪያ ላይ የምጠይቅሽን ሰው ዛሬ እንዳልጠየቅኩሽ አስተውለሻል። ረስቼ አይደለም።

ከደብዳቤው ጋር ጥቅል ይደርስሻል። መጀመሪያ ይህን አንብቢ፣ ጥቅሉ ይቆይ። ካወቅኩሽ ግን ይሄኔ ከፍተሽ አልጋው ላይ ዘርግተሽዋል።

ተናድጄብሻለሁ። ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

የምሠራውን ሥራ የሰማ አበሻ ሁሉ ይስቃል። ድልድይ የተጫነበትን ክብደት ከየት ወደየት እንደሚያሳልፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምር የነበረ ሰው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰድዶ ለንደን ላይ ኮርሴት ሰፊ ሆነ። እማዬ እንኳ በስልክ ያለችኝን አብረሽ ሰምተሻል። «አንተ ልጅ፣ የፈረንጅ ሴት ወገብ ስታስር ትውላለህ አሉ፤ ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ?» ብላ እስክታስላት ሳቀች።

ለአንቺም ሥራዬን በቅጡ አስረድቼሽ አላውቅም። ኮርሴት የድሮ የፈረንጅ ሴቶች ከቀሚስ ሥር የሚለብሱት፣ ከደረት እስከ ዳሌ ገላን ይዞ የሚያቆም ልብስ ነው። በሁለት ጨርቅ መካከል ቀጫጭን ዘንግ ይገባበታል። ጥንት የዓሣ ነባሪ ነበር፣ ዛሬ ብረት ነው፣ እኛ ግን አሁንም «አጥንት» እንለዋለን። ከዚያ በገመድ ይታሰራል። የምንሰፋው ለቴአትርና ለፊልም ሰዎች፣ የጥንት ልብስ ለብሰው መሰብሰብ ለሚወዱና ለአንዳንድ ሙሽሮች ነው። ሰው ሁሉ ወገብ ለማቅጠን ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ይህ ድንቁርና ነው። በልክ ተቀድዶ የተሰፋ ኮርሴት ክብደትን ከትከሻና ከጀርባ ተቀብሎ ወደ ዳሌ ያወርዳል። ሲለብሱት መተንፈስ ካቃተ ጥፋቱ የሰፊው ነው። የጥንት ገበሬ ሴቶች እሱን ለብሰው ላም ያልቡ፣ ወለል ይወለውሉ ነበር።

በቅርቡ ለአንድ ቴአትር ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ልብስ ሊለብሱ መጡ። አንዷ ትከሻዋ ሰፍቶ ዳሌዋ የጠበበ፣ አንዷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ስንዝር የማይሞላ፣ ሦስተኛዋ ሥጋዋ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነበረች። አለቃችን አንድ ቅድ ለሦስቱም ይበቃል፣ ገመዱን እያላላንና እያጠበቅን እናደርሰዋለን አለች። እምቢ አልኩ። ሥጋ በገመድ ስለታሰረ አይጠፋም፤ ማረፊያ ካልተቀደደለት ራሱ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም ብብት ሥር ነው። ለየብቻ ቀደድኩላቸው። ሰፊ ትከሻ ላላት ዳሌዋ ላይ ትርፍ ጨርቅ ጨመርኩ። ለአጭሯ አጥንቶቹን አሳጠርኩ። ለስላሳዋን ከሁሉም ይልቅ አላልቼ አሰርኳት። አለቃችን ዕቃ እየወረወረች ወጣች፣ በማግስቱ ግን የቴአትሩን ሰዎች ምስጋና እሷ ተቀበለች። እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምሠራው።

አጠገቤ የሚሰፉት እትዬ ጸሃይነሽ የአስመራ ሰው ናቸው። በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ምላሳቸው ግን መቀስ ነው። «ኢንጂነሩ፣ አንተ እኮ ሚስት ያላገባኸው ልኳ አልስተካከል ብሎህ ነው» ይሉኛል። ሳልስቅ ስቀር ደግሞ «ፊትህን ፍታው እንጂ፣ እሱን ማን አሰረብህ?» ይላሉ። ሳይቀልዱ ውለው አያውቁም። ይህን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እማዬ።

ጀርባዋ ጎብጦ ሆስፒታል የሰጧት ቀበቶ ቆዳዋን ልጦባት «አስቀምጪው» ስትልሽ፣ እኔ ያለሁት ስልኩ ማዶ ነበር። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ቀለደች። «ልጄ፣ ከሰው ጋር የምተዋወቀው በጫማው ሆኗል። የቄሱን ጫማ አውቀዋለሁ፣ የእህትህን ነጠላ ጫማ አውቀዋለሁ፣ ሰው ሞልቶ ሲመጣ ማን ማን እንደሆነ በእግሩ እቆጥራለሁ። ፊት ግን ናፈቀኝ» አለች። ቀና ብላ ተቀምጣ የሰው ፊት ማየት፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። እኔም እችላለሁ አልኩ። የጎበጠ አጥንት እንደማይቃና አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን የላይኛውን ክብደት ዳሌዋ ላይ ባሳርፈው አገጯ ከደረቷ ሁለት ጣት ይነሳል። ሁለት ጣት ደግሞ ተቀምጦ ፊት ለማየት ይበቃል።

ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ይለበስ የነበረውን መረጥኩላት። ትከሻ ላይ ማንጠልጠያ ያለው፣ ጀርባን የሚደግፍ፣ ሰው ሳትለምን ራሷ እንድታስረው ከፊት በኩል የሚታሰር። አንቺ ልኳን ወሰድሽ፣ እኔ ሰፋሁ፣ መንገደኛ አመጣላችሁ። ከዚያ ግራ ጎኗን ወጋት አልሽኝ። ስጠይቅሽ ስጠይቅሽ ለካ የለካሽው ከመቀነቷ በላይ ነው! «ታዲያ ምን ላድርግ? መቀነቷን ፍቺ ልበላት? ወልዳኝ እንኳ ፊቴ ፈትታው አታውቅም» አልሽኝ። የእኛ አገር እናት ለመለካት ብላ መቀነቷን እንደማትፈታ እዚህ ላሉት ባስረዳ ይስቁብኛል። የፈረንጅ ሴት ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ ልብሷን አውልቃ ትቆምልኛለች። የእኛዋ ለልጇ እንኳ አትፈታም። እንግዲህ ከወገቧ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ሁሉ ወገብ ተብሎ ተለካ፣ እኔም ለጨርቁ ሰፋሁለት።

ያም ሆኖ እየወጋትም ቢሆን አንድ ከሰዓት ለብሳው በረንዳ ላይ እንደተቀመጠች ነግረሽኝ ነበር። ይህንንም ያዢልኝ።

ከመቀነት በታች፣ ከውስጥ ልብሷ በላይ ለኪልኝ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ፣ ጀርባውን ከአንገት ሥር እስከ ወገብ፣ ከፊት በኩልም እንዲሁ አልኩሽ። እሺ አልሽ። ከዚያ ዝም። ስደውል ተኝታለች። ስደውል ጸበል ሄዳለች። ስደውል ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። ድምጿ የተዘጋ ሰው ያዳምጣል አይደል? ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ ስልሽ መስመሩ ተቆረጠ። በመጨረሻ ጮህኩብሽ፤ ልኩን ካልላክሽ ሁለተኛ አልደውልም አልኩ። አንቺም በሁለተኛው ቀን ደውለሽ፣ ቁጥሩን ሁሉ፣ እንደ ተማሪ፣ ሳታቆሚ አነበብሽልኝ። ድምፅሽ ጎርንኖ ነበር። አንቺም ጉንፋን ይዞሽ ነው አልኩ።

ሥራችን ውስጥ ለየት ያለ ገላ ሲመጣ ሰውየው በሌለበት የምንሠራበት ዘዴ አለ። ልብስ የሚሰቀልበትን የሰው ገላ ምስል እናመጣና በጥጥና በጨርቅ እየደለደልን ልኩን እስኪሞላ ድረስ ያንን ሰው እናደርገዋለን። ከዚያ ላዩ ላይ በአቡጀዲ የሙከራ ስፌት እንሰፋለን። ባነበብሽልኝ ልክ እማዬን ልሠራት ጀመርኩ። ጀርባዋን ደለደልኩ። አልጎበጠም። የጎበጠ ሰው ጀርባው ረዝሞ በፊት በኩል ያጥራል፤ ይህን ሳትማሪ ማወቅ ትችይ ነበር፣ ስንት ዓመት አጥበሻታል። አንቺ የላክሽው ግን የቀጥ ያለች ሴት ጀርባ ነው። ተሳስታ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ወገቡ ሰፋ፣ ደረቱ ሞላ፤ የሰማንያ ዓመት ሴት አልሆነችም። ከዚያ ትከሻው ላይ ደረስኩ። ቀኙ ከግራው ዝቅ ያለ ነው።

መርፌውን አስቀምጬ ወደኋላ ራቅ ብዬ አየሁ።

አንቺ ነሽ። የትምህርት ቤቱን አጥር ስትዘይ ወድቀሽ የተሰበረው፣ ወጌሻው አሽቶ አጣምሞ ያቆመው ትከሻ። ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ፣ ጭንቅላት የሌለሽ፣ በጥጥ የተሞላሽ፣ ፊቴ ቆመሻል። ስድስት ዓመት ሙሉ አላየሁሽም ነበር። መወፈርሽን እንኳ የነገረኝ የለም።

እትዬ ጸሃይነሽ ከጀርባዬ መጥተው ቆሙ። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ። እናቴ ናት፣ ለገና እንዲደርስላት እየተጣደፍኩ ነው አልኳቸው። ቀልድ ጠበቅኩ። መጋዘን ሙሉ የሚሰማ ቀልድ ማምጣት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ምስሏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መቀሳቸውን አስቀምጠው «እጄን ልታጠብ» ብለው ሄዱ። ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። «ለምን ትቻኮላለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ልጄ! ኢንጂነሩ ከሚል አፍ። ከዚያ ነገሩን እንደ ዋዛ አድርገው እሁድ ጠዋት ቤት እንደምኖር፣ ብቻዬን እንደምኖር ወይ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ።

በማግስቱ አቶ ገብረመድኅን ደወሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ስትሪትሃም የሚኖሩ። በዓመት አንዴ በር ላይ ሰላም ከመባባል በስተቀር ስልኬን ያውቁታል ብዬ አልገመትኩም። ስለ አየሩ ጠየቁኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ከዚያ «እሁድ ጠዋት ትኖራለህ? በዚያ በኩል የማልፍበት ጉዳይ አለኝ» አሉ። ከስትሪትሃም ተነስቶ በእሁድ ጠዋት በኤድመንተን በኩል የሚያልፍ ጉዳይ የለም። ከተማው ከዳር እስከ ዳር ነው።

እህቴ፣ እኔም እንዲህ ያለ ስልክ ደውዬ አውቃለሁ። ዌምብሊ የሚኖረውን የመኣሾን ልጅ አስታወስሽው? አምና እሁድ ቤት ነህ ወይ ብዬ የደወልኩለት እኔ ነበርኩ። በማለዳ አምስት ሆነን በሩን ስናንኳኳ በፒጃማው ከፈተልን፤ ሁላችንን አንድ ላይ ሲያይ ማንም አፉን ሳይከፍት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ ሥርዓቱን አውቀዋለሁ።

በምን እንደተናደድኩ አሁን ልንገርሽ። በመደበቅሽ አይደለም፤ የደበቅሽበትን ምክንያት አውቃለሁ። ብቻውን ነው፣ በስልክ አይነገረውም፣ ሰው ይሂድለት ብላችኋል። ደግሞም ብትነግሪኝስ ምን አደርግ ነበር? ይህ አገር በሰጠኝ የጉዞ ወረቀት ላይ ለሁሉም አገር ይፈቀዳል ይልና አንድ አገር ብቻ ሲቀር ይላል። ያቺ አንዷ የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ከዚህ አውሮፕላን ጣቢያ ወደ የትም መሄድ እችላለሁ፤ ወደ አሰላ ግን አልችልም። አልቅሼ ብመጣ አንቺን ለማጽናናት የሚያስገባኝ የለም። የሚያስገባኝ ቢኖር ደግሞ የሚያስወጣኝ የለም። ይህ እንደሚለወጥ የሚነግረኝ ሰው ሁሉ ቤቱ ሄዶ የሚተኛ ሰው ነው። እኔ አይለወጥም ብዬ ተቀምጫለሁ፣ ቢያንስ በየዓመቱ አዲስ ሐዘን አልቀመጥም።

የተናደድኩት ልኩን ስለሰጠሽኝ ነው። ምን ነበር «ወንድሜ፣ አሁን አይመቸኝም» ብትይኝ? እጮህ ነበር፣ እጮህ። ጩኸት ለምደሻል። አንቺ ግን የእኔን ጩኸት ፈርተሽ፣ በዚያ ሰሞን፣ ያ ሁሉ ሰው ግቢውን ሞልቶ እያለ፣ ጓዳ ገብተሽ፣ ሜትር ይዘሽ የራስሽን ወገብ ለካሽ። ጀርባሽን ማን ለካልሽ? ልጅሽ ናት? ምን ብለሽ ነገርሻት? ይህን ሳስብ ንዴቴ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ማረፊያ አልተቀደደለትም።

አቡጀዲውን ልጥለው ነበር። አልጣልኩትም። ምስሏን ደግሜ ሳይ ሌላ ነገር አየሁ። ከወገብ በላይ በግራ በኩል ያነበብሽልኝ ልክ ከቀኙ ያንሳል። ይህ የድሮው ትከሻ ሥራ አይደለም። በአንድ ጎኑ ሸክም የሚያነሳ፣ ያንን ጎኑን እየሰበሰበ የሚኖር ሰው ገላ ነው። እማዬን ከአልጋ ስታነሺ፣ ስታዞሪ፣ ስታጥቢ የከረምሽበት ጎን። ወገቤን ብለሽ አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም። ቁጥሩ ነገረኝ።

ስለዚህ ለአንቺ ሰፋሁት። ግራና ቀኙ የተለያየ ነው፤ ስትዘረጊው ጠማማ ይመስልሻል፣ አትፍሪ፣ አንቺ ላይ ይቃናል። የቀኙ ማንጠልጠያ አጭር ነው። ግራ ጎን ላይ የሚታጠፈውን አጥንት ነው የከተትኩት፣ ስታጎነብሺ አይወጋሽም። ከስስ ሸሚዝ በላይ ልበሺው፣ ገላሽን እንዳይነካ። መጀመሪያ ሰሞን ላላ አድርገሽ እሰሪው። በገመዱ ከላይ እስከ ታች ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ አስተሳሰርሽ ተሳስቷል፣ ፍቺና እንደገና ጀምሪ። መቀነት የምታደርጊ ከሆነ ከላዩ አድርጊው፣ ከሥሩ አይደለም! በዚህ ቤተሰብ ይህ ስህተት ሁለተኛ አይሠራም።

ለእሁድ ከስፌት ቤቱ ሁለት ወንበር፣ ከታች ጎረቤቴ ደግሞ ሁለት ተውሼ አምጥቻለሁ። ሽማግሌዎች ናቸው፣ ደረጃ ወጥተው መጥተው እንዲቆሙ አልፈልግም። እትዬ ጸሃይነሽ ሊናገሩ ሲሞክሩ ድምፃቸው እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አዳምጣቸዋለሁ። ያላወቅኩ መስዬ። ይህንን ብቻ ነው ላደርግላቸው የምችለው።

አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ በዚህ ላይ ግን እንዳትዋሺኝ። ያን ከሰዓት፣ እየወጋት በረንዳ ላይ ስትቀመጥ፣ አገጯ ተነስቶ ነበር? ሁለት ጣት ያህል? ተነስቶ ከሆነ ፊት ለፊቷ ማን ነበር? አንቺ ነበርሽ? ልጆቹ? የማንን ፊት ነው ያየችው? የማንም አላየችም ከሆነም ንገሪኝ። ለጨርቅ የሰፋሁት መሆኑን አውቃለሁ፣ የሚመጣውን እችለዋለሁ። ብቻ መልሺልኝ።

የመጀመሪያውን ምን እንዳደረጋችሁት ግን አትንገሪኝ። አብሯት ሄዶ ከሆነም ይሁን።

ስፌት ቤት ነጭ ጨርቅ ነበረ፣ ጥሩ፣ ጥብቅ ሽመና ያለው። ለገና ብዬ ያስቀመጥኩት እሱን ነበር። የአንቺን ግን ውጩንም ውስጡንም ጥቁር አደረግኩት። ገመዱም ጥቁር ነው። አሁን ከምትለብሺው ሥር እንዳይታይብሽ ብዬ ነው። ነጩ ዓመቱ እስኪያልቅ መደርደሪያ ላይ ይቆያል።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ በይልኝ፤ ሰው ሲያስተናግድ ጉልበቱ እንዳይጎዳ ይቀመጥ በይው። ጎረቤቶቻችንን ድካማችሁን አይቷል በያቸው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ሁላችንንም ያጽናን።

ወንድምሽ